ሲስሊ ታይሰን፦ ስለ ረጅሙ የትወና ዘመኗ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሲስሊ ታይሰንን ብዙዎቻችን ያወቅናት በእርጅናዋ ነው። ያ ቀጭን ፊት፣ ያ የማይቸኩል አነጋገር። በተዋናይቷ በቫዮላ ዴቪስ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ እናት ሆና ስትሠራ ያየ ሰው «ይህቺ ሴትዮ ማን ናት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ረጅም ነው። ከዚያ ትዕይንት በስተኋላ 70 ዓመት ግድም የሚሆን የመድረክ፣ የቴሌቪዥንና የሲኒማ ሥራ አለ። ስለ እሷ ባወራሁ ቁጥር የሚቀርቡልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የት ተወለደች? ቤተሰቦቿስ እነማን ናቸው?

ዲሴምበር 19 ቀን 1924 ኒው ዮርክ ከተማ ተወለደች። ያደገችው ሃርለም ነው። እናትና አባቷ ኔቪስ ከምትባል ትንሽ የካሪቢያን ደሴት የመጡ ስደተኞች ነበሩ። አባቷ አናጺና ቀለም ቀቢ ነበሩ። እናቷ ደግሞ በሰው ቤት እየሠሩ ልጆች ያሳድጉ ነበር። የእናቷን ሥራ ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

የቦክሰኛው የማይክ ታይሰን ዘመድ ናት?

አይደለችም። ስማቸው ነው የተገጣጠመው።

እውነት እናቷ ሲኒማ እንዳታይ ከልክለዋት ነበር?

አዎ። ቤታቸው ጥብቅ የሃይማኖት ቤት ነበር። ሲስሊ ልጅነቷን ያሳለፈችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ትዘምራለች፣ ፒያኖና ኦርጋን ትጫወታለች። ሲኒማና ቲያትር ግን ለእናቷ የኃጢአት ቦታ ነበሩ። ልጅቷ አድጋ «ተዋናይት ልሆን ነው» ስትል ከቤት አስወጧት። ሁለት ዓመት ያህል አልተነጋገሩም።

ኋላ ታርቀዋል። እኔ ግን ይህን ታሪክ እንደ ተራ የቤተሰብ ጠብ አላየውም። ሲስሊ ሕይወቷን ሙሉ በምትመርጠው ሥራ ላይ እንደዚያ የጠነከረችው፣ ያን ያህል ዋጋ የከፈለችበትን ነገር በከንቱ ላለማድረግ ይመስለኛል።

ትወና ከመጀመሯ በፊት ምን ትሠራ ነበር?

ጸሐፊ ነበረች። ኒው ዮርክ በሚገኘው የአሜሪካ ቀይ መስቀል ቢሮ በታይፕ ትጽፍ ነበር። አንድ ቀን ታይፑን ገፋ አድርጋ ተነሳችና፣ እግዚአብሔር የፈጠረኝ ዕድሜ ልኬን ታይፕ እንድደበድብ አይደለም ብላ ለሥራ ባልደረቦቿ ተናገረች ይባላል። ታሪኩን ራሷ ደጋግማ አውርታዋለች።

ከዚያ ሞዴል ሆነች፤ ታላላቅ መጽሔቶች ላይ ወጣች። የመድረክ ሥራዋ የጀመረው በ1950 ሃርለም ውስጥ ነው። የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ እኛ ወወክማ የምንለው፣ እዚያ ባዘጋጀው ቲያትር ላይ ተጫወተች። ያኔ 25 ዓመቷ ነበር።

ታዋቂ ያደረጋት ቲያትር የትኛው ነው?

በ1961 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ብሮድዌይ ከሚባለው የታላላቅ ቲያትር ቤቶች ሰፈር ውጭ ባለ ትንሽ ቲያትር ቤት፣ የፈረንሳዊው የዣን ዥኔ «ዘ ብላክስ» መታየት ጀመረ። ተዋንያኑን ስሟቸው፦ ጄምስ ኧርል ጆንስ፣ ሉዊስ ጎሴት ጁኒየር፣ ሮስኮ ሊ ብራውን፣ ማያ አንጀሉ፣ ሲስሊ ታይሰን። ያኔ አብዛኞቹን ማንም በቅጡ አያውቃቸውም ነበር። ቲያትሩ 1,408 ጊዜ ታየ። ለጥቁር አሜሪካውያን ተዋንያን አንድ ትውልድ ሙሉ ከዚያ መድረክ ወጣ ብል አላጋነንኩም።

ስለ ፀጉሯ ብዙ የሚወራው ለምንድን ነው?

ዛሬ ላይ ሆኖ ነገሩን መረዳት ትንሽ ይከብዳል። በ1950ዎቹ መጨረሻ አንዲት ጥቁር ሴት በአሜሪካ ቴሌቪዥን ብትታይ ፀጉሯ የተተኮሰ ወይም ዊግ የተደረገበት ነበር የሚሆነው። ሲስሊ የአንዲት አፍሪካዊት ሴት ሚና ደረሳት። ይህቺ ሴት ፀጉሯን ትተኩሳለች ብላ አላመነችም። ስለዚህ ሃርለም ውስጥ ወንዶች የሚስተካከሉበት ፀጉር ቤት ገብታ አስቆረጠችው። ከዚያ እንደተፈጥሮው ተወችው።

በ1963 በሲ ቢ ኤስ ጣቢያ «ኢስት ሳይድ ዌስት ሳይድ» በተባለው ድራማ ከጆርጅ ሲ. ስኮት ጋር ስትሠራም በዚያው ፀጉር ነበር። በአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ቋሚ ሚና ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ሴቶች አንዷ ናት። በየሳምንቱ ሰው ቤት ትገባለች፤ ያውም የቤት ሠራተኛ ሆና ሳይሆን የቢሮ ጸሐፊ ሆና፣ ፀጉሯን አጭር አድርጋ። ደብዳቤ ጎረፈ። ያመሰገኑ ነበሩ። የተቆጡም ነበሩ። ደንበኞቻችንን እያስቀረሽብን ነው ብለው ያማረሩ ፀጉር ሠሪዎች እንደነበሩ ተናግራለች።

ከ50 ዓመት በኋላ በ2015 በቫዮላ ዴቪስ ድራማ ላይ አንድ ትዕይንት አለ። እናት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ልጅ ከእግሯ ሥር። እናት የልጇን ፀጉር ታበጥራለች፣ ታፍታታለች። ሲስሊ የሄደችበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን ትዕይንት ዝም ብሎ አያልፈውም።

ለምንድን ነው በመሀል በመሀል ለዓመታት የምትጠፋው?

ከሁሉም ጥያቄ የምወደው ይህን ነው። የፊልሞቿን ዝርዝር ስታዩ ክፍተት አለ። ለምሳሌ ከ1968 እስከ 1972 የረባ ፊልም የላትም። የተረሳች ይመስላል። ግን እምቢ ስላለች ነው።

በዚያ ዘመን ለጥቁር ተዋናይት የሚመጣው ሚና በጣት የሚቆጠር ዓይነት ነበር። ሴተኛ አዳሪ፣ ሱሰኛ፣ ወይም ስም የሌላት ገረድ። ሲስሊ እነዚህን አልቀበልም አለች። ያለ ሥራ ተቀመጠች።

«ሳውንደር» የተባለው ፊልም መጣ። በማርቲን ሪት አዘጋጅነት በ1972 የወጣ ነው። በ1930ዎቹ ሉዊዚያና ውስጥ በእኩል አራሽነት የሚኖር የድሃ ገበሬ ቤተሰብ ታሪክ ነው። አባት ለልጆቹ ሥጋ ሰርቆ ይታሰራል፤ እናት እርሻውንም ልጆቹንም ይዛ ትቆማለች። ሲስሊ መጀመሪያ የታሰበችው ለአስተማሪዋ ሚና ነበር። እሷ ግን የፈለገችው እናቲቱን፣ ርብቃን ነው። ለእናትነቱ በጣም ቆንጆ ነሽ አሏት። አልለቀቀችም፤ አገኘችው። ባሏ ከእስር ሲመለስ ከሩቅ አይታው በአቧራው መንገድ የምትሮጥበትን ትዕይንት አንዴ ያየ አይረሳውም።

ከዚህ ፊልም ጋር የተያያዘ አንድ ታሪክ አለ። ፊልሙን ለጋዜጠኞች እያስተዋወቀች ሳለ አንድ ነጭ ጋዜጠኛ ተነስቶ፣ ልጁ አባቱን «ዳዲ» ብሎ ሲጠራው ደንገጥ ማለቱን ተናገረ። የራሱም ልጅ እሱን የሚጠራው እንደዚያ ነበርና። ሰውየው በቅንነት ነው የተናገረው። ሲስሊን ግን ነገሩ ውስጧ ገባ። የጥቁር ልጅ አባቱን እንደ ማንኛውም ልጅ ይጠራዋል ብሎ ያላሰበ ሰው አለ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም ብሎ ተዋናይት መሆን እንደማይበቃት፣ ሥራዋን ለዚህ ነገር እንደምታውለው መወሰኗን ደጋግማ ተናግራለች።

ግን እሷም ገረድ ሆና ሠርታ የለ?

ሠርታለች። በ1991 «ፍራይድ ግሪን ቶማቶስ» ላይ፣ በ2011 «ዘ ሄልፕ» ላይ። አንዳንዶች ይህን እንደ መቃረን ያዩታል። እኔ አልስማማም። እናቷ በሰው ቤት የሠሩ ሴት ናቸው ብዬ ነበር። ሲስሊ የናቀችው ሥራውን አይደለም። ያልተቀበለችው ነፍስ የሌላትን፣ ትሪ ይዛ ገብታ የምትወጣውን ገጸ ባህርይ ነው። በ«ዘ ሄልፕ» ላይ ኮንስታንቲንን ሆና የምትታየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ያሳደገቻት ልጅ እናት በእንግዶች ፊት ስታባርራት ፊቷን እዩት። የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ አለበት።

ያቺ 110 ዓመት የሞላት አሮጊት እውነት እሷ ናት?

እሷ ናት። ያኔ 49 ዓመቷ ነበር።

ፊልሙ «ዘ ኦቶባዮግራፊ ኦፍ ሚስ ጄን ፒትማን» ይባላል። ከኧርነስት ጌይንስ ልብ ወለድ የተሠራ ሲሆን፣ በ1974 በሲ ቢ ኤስ ቴሌቪዥን ታየ። በባርነት ተወልዳ እስከ 1960ዎቹ የመብት ትግል የኖረች ሴት ታሪክ ነው። ሲስሊ ከ20ዎቹ ዕድሜ ጀምራ እስከ 110 ድረስ ትጫወታታለች። ሜካፑን የሠሩት ስታን ዊንስተንና ሪክ ቤከር ናቸው፤ ሁለቱም በኋላ በሙያቸው ኦስካር ወስደዋል።

ሜካፕ ብቻውን ግን ሰው አያስረጅም። ድምፁ፣ የአገጩ እንቅስቃሴ፣ ትንፋሹ የእሷ ነው። መጨረሻው ላይ አሮጊቷ ምርኩዟን ይዛ ለነጮች ብቻ ወደተባለው የመጠጥ ውኃ ቧንቧ ትሄዳለች። እርምጃዋ ቀርፋፋ ነው። ፖሊሶች ቆመው ያያሉ። ደርሳ ጎንበስ ትላለች፣ ትጠጣለች፣ ተመልሳ ትሄዳለች። በቃ ይኸው ነው። ፊልሙ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ትልቁ ሽልማት ከሆነው ከኤሚ ዘጠኝ ወሰደ፤ ሁለቱ የእሷ ናቸው።

ያንን ፊልም በሮድ አይላንድ አንዲት ድሃ ልጅ በቴሌቪዥን አየችና ተዋናይት ልሁን ብላ ወሰነች። ልጅቷ ቫዮላ ዴቪስ ናት። ዓመታት አልፈው ሲስሊ በድራማው እናቷ ሆነች። በዚያ ሚና ብቻ አምስት ጊዜ ለኤሚ ታጭታለች።

በታሪክ የሚታወቁ ሰዎችንም ተጫውታለች?

ብዙ። ባሪያዎችን ነፃ ያወጣችውን ሃሪየት ተብማንን እና የማርቲን ሉተር ኪንግን ባለቤት ኮሬታ ስኮት ኪንግን በአንድ ዓመት፣ በ1978 ተጫውታለች። በ1981 ደግሞ የቺካጎዋን መምህርት ማርቫ ኮሊንስን። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ግን በ1977 «ሩትስ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ የኩንታ ኪንቴ እናት የሆነችውን ቢንታን ነው።

ኦስካር ወስዳለች?

በ«ሳውንደር» ታጭታ ነበር። በዚያው ዓመት ዳያና ሮስም ታጭታለች፤ ሁለት ጥቁር ሴቶች በአንድ ዓመት ለዋና ተዋናይት ሲታጩ የመጀመሪያው ነው። ያሸነፈችው ላይዛ ሚኔሊ ናት። ከዚያ ኦስካር ለሲስሊ 45 ዓመት ያህል ዝም አለ። በ2018 የክብር ኦስካር ተሰጣት። ይህን የክብር ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ደስ ይላል፤ ግን ዘግይቷል፤ በጣም ዘግይቷል።

ከዚያ ውጭ ሦስት ኤሚና አንድ ቶኒ፣ ማለትም የብሮድዌይ ቲያትር ሽልማት፣ አላት። በ2015 የኬኔዲ ማዕከልን የክብር ሽልማት፣ በ2016 ደግሞ ከፕሬዚዳንት ኦባማ እጅ የነፃነት ሜዳልያ ተቀብላለች።

ከማይልስ ዴቪስ ጋር የነበራት ነገር ምንድን ነው?

ታዋቂው የጃዝ ጥሩምባ ነፊ ባሏ ነበር። ትውውቃቸው ከ1960ዎቹ ነው፤ በ1967 በወጣ አንድ አልበሙ ሽፋን ላይ ያለው ፊት የእሷ ነው። ተለያዩ፣ ተመለሱ፣ በ1981 ተጋቡ። በ1982 መጀመሪያ ማይልስ ስትሮክ መታው፤ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ለሥራ አፍሪካ ሄዳ የነበረችው ሲስሊ ተመልሳ አስታመመችው። በቻይና የመርፌ ሕክምና ወራት ከታከመ በኋላ ጥሩምባውን እንደገና መንፋት ቻለ። ትዳሩ ግን ሰላም አልነበረውም። ሱስ ነበር፣ ሌሎች ሴቶች ነበሩ፣ እጁንም እንዳነሳባት ራሱ ጽፏል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ተፋቱ።

አንዳንድ ጽሑፎች እሷን የሚያስታውሱት በዚህ ጋብቻ ብቻ ነው። ይህ ያናድደኛል። ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም ሙሉ የሥራ ሕይወት ነበራት።

በ88 ዓመቷ ብሮድዌይ ላይ ሠርታለች የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ እኔ ደግሞ ከሥራዋ ሁሉ የማስበልጠው ይህንን ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1985 ነው። ሲስሊ «ዘ ትሪፕ ቱ ባውንቲፉል» የተባለውን ፊልም አየች። ጄራልዲን ፔጅ ኦስካር የወሰደችበት ነው። ከሲኒማ ቤቱ ወጥታ ወኪሏን፣ ለእኔም የራሴን «ባውንቲፉል» ፈልግልኝ፣ ከዚያ በኋላ ጡረታ እወጣለሁ አለችው። ዓመታት አለፉ። ከዚያ የደራሲው የሆርተን ፉት ልጅ ደወለችላት፤ ቲያትሩን ብሮድዌይ ላይ ልንሠራው ነው፣ አንቺ ትጫወቻለሽ ወይ?

ታሪኩ ቀላል ነው። ኬሪ ዋትስ የሚባሉ አሮጊት ሂውስተን ከተማ ውስጥ በጠባብ ቤት ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ይኖራሉ። ምኞታቸው አንድ ነው፤ ሳይሞቱ የተወለዱበትን መንደር ማየት። አንድ ቀን ተደብቀው አውቶቡስ ይሳፈራሉ። ከአገሩ ርቆ የኖረ ሰው የዚህን ቲያትር ነገር ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም።

ሲስሊ ብሮድዌይ ላይ ከቆመች 30 ዓመት ሆኗት ነበር። የመጨረሻው በ1983 ነበር። በ2013 ተመለሰች። የብሮድዌይ ልማድ በሳምንት ስምንት ትርዒት ነው፤ ይህ ለወጣትም ቀላል አይደለም። በቲያትሩ መሀል አሮጊቷ አንድ የታወቀ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ትጀምራለች። ያልተጠበቀው ነገር የተመልካቹ ነው። ሰዎች ከመቀመጫቸው ሆነው አብረዋት መዘመር ጀመሩ። አንድ ምሽት ብቻ አይደለም፤ ይደጋገም ነበር። ልጅ ሆና ቤተ ክርስቲያን የዘመረች፣ እናቷ ቲያትርን ኃጢአት ያሉባት ሴት፣ በመጨረሻ ቲያትር ቤቱን መዝሙር አዘመረችው።

በዚህ ሥራ የቶኒን ሽልማት በምርጥ ተዋናይትነት ወሰደች። በትወና ቶኒ ካገኙት ሁሉ በዕድሜ ትልቋ ሆነች፤ በ2021 ሎይስ ስሚዝ በ90 ዓመቷ እስክትበልጣት ድረስ። ጡረታዋንስ? ረሳችው።

ከዚያ በኋላ ምን ሠራች?

በ2015 እንደገና ብሮድዌይ ወጣች። «ዘ ጂን ጌም» ሁለት ሰው ብቻ ያለበት ቲያትር ነው። በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ካርታ እየተጫወቱ ይጨቃጨቃሉ። እሷ 90 ዓመቷን አልፋለች። አጋሯ ጄምስ ኧርል ጆንስ ነበር፤ 84 ዓመቱ። በ1961 በዚያች ትንሽ ቲያትር ቤት አብረው የቆሙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። 54 ዓመት በመሀላቸው አለ። በታይለር ፔሪ ፊልሞችም ላይ እስከ 2020 ድረስ ታይታለች።

ከትወናው ውጭ ደግሞ ኒው ጀርዚ፣ ኢስት ኦሬንጅ ውስጥ በስሟ የተሰየመ የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ። ስሟን ሰጥታ ብቻ አልተወችውም፤ እየሄደች ልጆቹን ታያቸው ነበር።

ዕድሜዋ ላይ ለምን ልዩነት አለ?

ለረጅም ጊዜ ብዙ ጽሑፎች የተወለደችው በ1933 ነው ይሉ ነበር። ሥራውን ዘግይታ ስለጀመረች ከዕድሜዋ ተቀንሶ ነበር የሚነገረው። የቶኒውን ሽልማት ስትወስድ እንኳ 79 ዓመቷ ነው ብለው የጻፉ ነበሩ። ትክክለኛው 1924 ነው። በ17 ዓመቷ ሴት ልጅ መውለዷንም የነገረችን በመጨረሻ፣ በራሷ መጽሐፍ ነው። የልጇን ስም ግን እዚያም ሸሽጋ ጠብቃታለች። ልክ አደረገች።

ለማየት ከየት ልጀምር?

ከ«ሳውንደር» ጀምሩ። ከዚያ ወደ «ጄን ፒትማን» እለፉ። ሦስተኛ «ባውንቲፉል»ን፤ በ2014 ለቴሌቪዥን ተቀርጿል፣ እሷው ናት። በዚህ ቅደም ተከተል ካያችኋቸው አንዲት ሴት ከ47 እስከ 89 ዓመቷ ድረስ እንዴት እንደሠራች በዓይናችሁ ታያላችሁ።

መቼ አረፈች? ከኢትዮጵያስ ጋር የሚያገናኛት ነገር አለ?

የሕይወት ታሪኳ መጽሐፍ «ጀስት አዝ አይ አም» የታተመው ጃንዋሪ 26 ቀን 2021 ነው። መቅድሙን የጻፈችው ቫዮላ ዴቪስ ናት። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጃንዋሪ 28፣ በ96 ዓመቷ አረፈች።

ኢትዮጵያን በተመለከተ፣ ግንኙነቱ በሽኝቷ ቦታ በኩል ነው። በፌብሩዋሪ ሥርዓተ ቀብሯ የተፈጸመው ሃርለም በሚገኘው አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። «አቢሲኒያ» የሚለው የእኛው የድሮ ስም ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ታሪክ እንደሚለው፣ በ1808 ኒው ዮርክ ውስጥ ጥቁሮች ከነጮች ተለይተው እንዲቀመጡ ሲደረግ፣ ጥቁር አሜሪካውያንና ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች አንቀበልም ብለው ወጡ። የራሳቸውን ጸሎት ቤት መሠረቱና በአገራችን ስም ሰየሙት።

ከቀብሩ በፊት በነበረው ቀን ሕዝቡ እንዲሰናበታት አስከሬኗ እዚያ አርፎ ነበር። በክረምቱ ብርድ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሃርለም መንገድ ተሰልፈው ተራቸውን ጠበቁ።